ሲራጅ በግሩፑ የጻፋት መልስ

ሲራጅ ከሚሴ ውስጥ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጎን፣ ሞባይል የሚጠግን ሰው ነው። ሌላው «ሞቷል» ብሎ የመለሰውን ስልክ እሱ ያስነሳዋል ይባልለታል። የአካባቢው ጠጋኞች የሚጠያየቁበትን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተውም እሱ ነው። የቸገረው ፎቶ ይልካል፤ የሚያውቅ ይመልሳል። ሲራጅ ከሁሉም ፈጥኖ ይመልሳል፤ ግን መልሱ እንደ በርበሬ ይፋጃል። ሰዉ ይስቃል፤ እሱም ሳቁ እየጣመው ሄደ።

አምና በአንድ የገበያ ቀን፣ ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቆ ሳለ፣ «ጨፋ ጥገና» የሚል ስም ያለው አባል እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም። ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ገፍቶታል፣ ሙጫው አልለቅ አለ። ሳይፈነዳ በምን ላውጣው?»

ሲራጅ በአንድ እጁ የሰው ስልክ እንደያዘ በሌላው መለሰ፦ «ባትሪ ማውጣት የማያውቅ ሰው ሱቅ ከፍቶ ሕዝብ ከሚያስጨርስ ቲማቲም ቢሸጥ ይሻለዋል።»

የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ጠያቂው ቆይቶ ከግሩፑ ወጣ። ሲራጅም ረሳው።

ዘንድሮ ከረመዳን በኋላ አጎቱ ሞተው ጨፋ ሮቢት ለለቅሶ ወረደ። ድንኳን ውስጥ እያለ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ተዘጋበት። የሚሞላበት ቦታ ቢጠይቅ፣ «ሰብሪና ዘንድ ሂድ። ድሮ ትጠግን ነበር፤ አሁን ቻርጅ ብቻ ነው የምታደርገው» አሉት።

ሰብሪና ሻርፗን ወደ ኋላ የጣለች፣ ቁጥብ ልጅ ናት። ስልኩን በግራ እጇ ተቀበለችው። የቀኝ እጇ ጣቶች ቆዳ ተጨማዶ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

«እህቴ፣ እጅሽን ምን አገኘው?» አላት።

«ያበጠ ባትሪ ነው። በብረት ስፈነቅለው ተበሳና ነደደ።»

«በብረት ይነካል እንዴ?»

«በምን እንደሚወጣ ጠይቄ ነበር፣ ቴሌግራም ላይ። ቲማቲም ሽጥ ተባልኩ።»

ሲራጅ ስልኩን ትቶላት ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ፊቱን አታውቀውም፤ ዝም ብሎ ቢሄድ የሚጠይቀው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሲያደርጉ ሰዉ «አሚን» ሲል፣ የእሱ ድምፅ ግን አልወጣ አለው። ተነስቶ ወደ እሷ ሄደ።

«ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አላት። «ሲራጅ ሞባይል የምባለው። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ሰብሪና ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅላ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ስድቡስ ያልፋል» አለች። «ያኔ ወዲያው አልወጣሁም። አንድ ሰው መልስ እየጻፈ እንደሆነ ይታየኝ ነበር። ጠበቅኩት። እየጻፈ ቆየ፣ ከዚያ ተወው። ያ ሁሉ ሰው እየሳቀ ማን ይጽፍልኛል? ባለስልኩ ደግሞ ቆሞ ያቻኩለኝ ነበር።»

ሲራጅ ስልኩን አነሳ።

«ለመሆኑ በምን ነበር የሚወጣው?» አለችው።

«መጀመሪያ ስልኩን ማጥፋት። ጠርዙ ላይ ትንሽ አልኮል ጠብ አድርገሽ ሙጫው እስኪለሰልስ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ በቀጭን ፕላስቲክ ቀስ እያልሽ፣ ባትሪውን ሳታጎብጪ ታወጪዋለሽ። ቢነድ የምታፍኚበት አሸዋም አጠገብሽ ይኑር።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

እጇን አየችና ከሻርፗ ሥር ከተተችው። «አፉ ብያለሁ እንዳልልህ፣ ዛሬ ከአፌ አይወጣም። አላህ ያግራው» አለች።

ከሚሴ ሲመለስ የሆነውን ለሙሀመድአሚን ነገረው፤ በዕድሜም በሙያም የሚበልጠው የጎረቤት ጠጋኝ ነው። ሙሀመድአሚን እስኪጨርስ ሰማውና አንገቱን ደፋ። «የሚጽፈው እኔ ነበርኩ» አለ። «ያንተን ሳይ አጠፋሁት። በእኔም ትስቃለህ ብዬ።»

ሲራጅ ስሟን ሳይጠራ፣ ያደረገውንና የደረሰውን ግሩፑ ላይ ጻፈ። አንዳንዱ አመሰገነው። አንዱ ግን፣ «አንተ ምን አጠፋህ? ሳያውቅ የነካ ነው ጥፋተኛው» አለ። ሲራጅ ይህን ደጋግሞ አነበበው። ውስጡ ሊያምነው እንደፈለገ ሲያውቅ በራሱ አፈረ፤ ስልኩን አስቀመጠ።

አሁን በገበያ ቀን ሱቁን ለሙሀመድአሚን አደራ ብሎ ጨፋ ሮቢት ይወርዳል። መጀመሪያ የሄደ ዕለት ሰብሪና፣ «ለሥራው ከሆነ ግባ፤ ለይቅርታው ከሆነ አትድከም» አለችው። ለሥራው ነው ብሎ ገባ። በግራ እጅ መበየጃ እንዴት እንደሚያዝ እሱም አያውቅም ነበርና አብረው ተማሩት። መጀመሪያ ስፒከር፣ ቀጥሎ የቻርጅ ቀዳዳ መቀየር ጀመረች። ያበጠ ባትሪ ሲመጣ ግን እስካሁን ለእሱ ታቆየዋለች፤ እሱ ሲያወጣው ፊቷን አዙራ ትቆማለች።

አፉ ብዬሃለሁ አላለችውም። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም።