በቁሙ የተለቀሰለት

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ደርግ ነበር፤ የገበሬ ማኅበሩ ለጥበቃዎቹ ጠመንጃ ያደለበት ጊዜ ነው፤ ከድርቁ በፊት ይሁን በኋላ ግን ተምታቶብኛል። አገራችን ከኩልመስክ በላይ ነው።

ነብር ፍየላችንን ቢፈጅብን ታላቅ ወንድሜ ጦር ይዞ፣ ጥበቃ የሆነው ጎረቤታችን ደግሞ ጠመንጃ ይዞ ገደሉ ሥር አድብተው ጠበቁት። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ወንድሜ ነብሩን በጦር ወግቶ ጥሎ፣ ደረቱ ተቦጫጭቆ ወድቋል። ጎረቤታችን ከወይራ ዛፍ ላይ እየወረደ ነበር። አንዲት ጥይት አልተኮሰም። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

በለቅሶው ቀን ያ ሰው የነብሩን ቆዳ ትከሻው ላይ ጥሎ መካከል ገባና ፎከረ። «ሲሸሽ ተይዞ የደረስኩለት! ነብሩን ከላዩ የጣልኩለት!» አለ። ሰው ጠመንጃውን ፈርቶ አቀረቀረ። እኛ ዘንድ የሰው ሥራ ወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ በፎካሪና በአልቃሽ አፍ ነው የሚቀመጥ። ለቅሶ ላይ ተፎክሮ ዝም የተባለ ነገር እውነት ሆኖ ይቀራል። የወንድሜ ልጅ ገና ጡት አልጣለም፤ የፈሪ ልጅ ተብሎ ሊያድግ ነው።

እኔ ሰው ተቆጥቼ የማላውቅ፣ ቤት ገብቼ ምሳሬን ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁ። አንገቱን የት ጋ እንደምለው ሁሉ መርጬ ነበር። ክርስትና እናቴ የአገሩ አልቃሽ ነበሩ፤ ያየሁትን ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ደጃፉ ላይ ያዙኝ።

«ምንድን ነው ጋቢህን ያሳበጠው?»

«ይልቀቁኝ እማዬ፣ ልጨርሰው።»

«ገድለኸውማ እሱንም ጀግና ብዬ ላልቅስለት? ሞኝ! ወዲህ በለው ምሳሩን። በቁሙ አለቅስለታለሁ።»

አልቃሽ ያለችውን ለቀስተኛው ተቀብሎ መድገም ወግ ነው። ክርስትና እናቴ በወንድሜ ቁመትና በእርሻው ጀመሩ። ሰው እየተቀበለ ደረቱን ይመታል፤ ያም ሰው ቆዳውን እንደለበሰ ከሁሉ ጎልቶ ይቀበላል። ድምፃቸውን ሳይለውጡ እንዲህ አሉ፦

«ባለጦሩ ከታች ከነብር ታገለ፣
ባለጠመንጃው ከወይራ ላይ ዋለ።»

እሱም እንደለመደው፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ «ከወይራ ላይ ዋለ» ብሎ ተቀበለ። ብቻውን ነበር። ሌላው ሰው ደረቱን መምታቱን ትቶ ያየው ጀመር። ከሴቶቹ አንዷ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ለቀስተኛው በሙሉ ያችኑ ቃል አነሳት፤ ደጋግሞ፣ ደረቱን እየመታ። ያ ሰው ጠመንጃውን ጨበጠ፤ አገር ሁሉ ነው የሚለው፣ ማንን ይተኩሳል? ቆዳውን ጥሎ ወጣ።

እኔን አልበቃኝም። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ሲመጣ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ ወይራው እዚያ ማዶ ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ ይውጡ!» እለዋለሁ። ገበያተኛው ያጅበኛል። ሠርግ ላይ ፉከራ ሲጀመር ሹልክ ብሎ ይወጣ ነበር፤ እኔም ሲወጣ እያየሁ ጠላዬን እጠጣለሁ። አርጅቶ ሲሞትም ለቅሶው ላይ ጆሮዬን አቁሜ ዋልሁ። የፎከረለት የለም። ንስሐ አባቴ «ይቅር በለው» ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ ልቤ ግን እስከዛሬ እሺ አላለም።

እጄን ከደም ያተረፉልኝ፣ የወንድሜንም ስም ለልጁ ያቆዩለት፣ ሌላ ማንም አይደለም፤ ክርስትና እናቴ ናቸው።