የሀይማኖት ቅዳሜዎች

ሀይማኖት ከእኔ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል ታስቆጥራለች። እኔ ከፍ ላሉት ሒሳብ አስተምራለሁ። ጎረቤትም ነን፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ።

ናዝራዊት የምትባል ሴት ልጅ አለቻት። አባትየው ገና በእርግዝናው የራሱን መንገድ ይዞ ጠፍቷል። ልጅቷ ሦስት ወር ሲሞላት የወሊድ ፈቃዱ አለቀ፤ የመምህር ደመወዝ ሞግዚት አያስቀጥርምና ሀይማኖት መዘዞ ወስዳ እዚያ ለሚኖሩት እናቷ ለወይዘሮ ንጋቷ ሰጠቻት። «ለጊዜው ነው» ብላ። እኛ አገር ለጊዜው የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ የደረሰበት ያውቀዋል።

ያኔ ከሌላ መምህርት ጋር በአንዲት ክፍል ተዳብላ ነበር የምትኖረው። ሐሳቧ ሁሉ አንድ ነበር፦ የራሷን ቤት ይዛ፣ ናዝራዊት ለትምህርት ስትደርስ እዚህ አምጥታ፣ እናቷ ሆና ማሳደግ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ናዝራዊት አምስት ዓመት ሲሞላት አንዲት የድሮ ጓደኛዋ ስዊድን ከምትኖር ሴት ጋር አገናኘቻት። ሴትየዋ ያብስራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ አማርኛ የሚያስተምርላት ሰው ትፈልጋለች፤ በስልክ፣ በቪዲዮ፣ በክፍያ። ልጅ ደግሞ በስልክ ይማራል ወይ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሀይማኖት ግን ከሥራ መልስ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ማስተማር ጀመረች። ያብስራ «ጨው» ማለት አቅቷት «ቸው» ትላለች። ሳምንቱን ሙሉ «ጨ... ጨ...» ስሰማ ከርሜ፣ ልጅቷ አንድ ቀን ቃሉን አስተካክላ ብትለው እኔም ከግድግዳው ማዶ እፎይ አልኩ። ወሬው ተሰምቶ እዚያው ስዊድን ያሉ ሁለት ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን አስመዘገቡ። ደባሏ አግብታ ስትወጣ ሀይማኖት ክፍሉን ለብቻዋ ያዘችና ትንሽ አልጋ አሠራች።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የመዘዞ ቀኗ ነበር፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ እሑድ ትመለሳለች። የያብስራ እናት ቅዳሜም ይጨመርልኝ፣ ለልጄ ይመቻታል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሀይማኖት ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ አማከረችኝ፤ ቅዳሜን ከሠራች ልጇን ቶሎ ታመጣለች፣ ካልሠራች ልጅቷ ገና ዓመት መዘዞ ትቆያለች። እኔም የሒሳብ መምህር ነኝና ልክ ነሽ አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

በየሳምንቱ የነበረው መንገድ በየወሩ፣ ከዚያም ለዓመት በዓል ብቻ ሆነ። ጫማ የምትገዛላት የልጅቷን እግር በክር እየለካች ነበር፤ በፋሲካው ክር ለክረምት የገዛችው ጫማ ከተረከዟ አላልፍ አለ። አንድ ቀን ትምህርቱን ጨርሳ በረንዳ ላይ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ያብስራ የወለቀ ጥርሷን አሳይታታለች። የናዝራዊት ይውለቅ አይውለቅ አላውቅም አለችኝ። ደውለሽ ጠይቂ አልኳት። ደወለች፤ ከወለቀ ወር አልፎታል። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጥርሱን ማን ጣሪያ ላይ እንደወረወረላት አለመጠየቋ ቆጫት።

ጳጉሜን ላይ ሄዳ አመጣቻት። ናዝራዊት ዝምተኛ ናት፤ ዳቦ ስትሰጧት በሁለት እጇ ትቀበላለች። ሀይማኖትን «እታለም» ትላታለች። የወይዘሮ ንጋቷ ትንንሽ ልጆች ታላቅ እህታቸውን እንዲያ ስለሚጠሩ ከእነሱ የለመደችው ነው። «እማዬ» ለእሷ አያቷ ናት። ይህ በአገራችን ብርቅ አይደለም፤ እኔም አያቴን እማዬ፣ እናቴን በስሟ እየጠራሁ ነው ያደግሁት። ይህንን ነግሬ ላጽናናት ሞከርኩ።

«እናትዎ ግን አብረውዎት ነበሩ፣ ጋሼ ጌጡ» አለችኝ።

ቅዳሜን ተወችው፤ የቀሩትን ቀናት ግን አልተወችም፤ ያለ እነሱ የቤቱን ኪራይ አትችለውም። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አመሻሹ ላይ፣ ከያብስራ ጋር ትምህርት ይዛ ሳለ ናዝራዊት ግቢ ውስጥ ትጫወት ነበር። እኔ ደጄ ላይ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ልጅቷ የቆርቆሮውን በር ልትዘጋ ስትገፋ ጣቷን ያዛት።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች።

«አቤት!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። አንድ ነገር ተንኳክቶ ወደቀ፤ ሀይማኖት በአንድ እግሯ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጋ እየሮጠች ወጣች። ናዝራዊት በእንባዋ መሃል ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺን አይደለም» አለቻት። «እማዬን ነው።»

ወደ ቤቴ ልገባላቸው ይገባኝ ነበር፤ አልገባሁም። ሀይማኖት ድንጋዩ ላይ ተንበረከከች። ከውስጥ የያብስራ ድምፅ መምህርት የት ሄድሽ እያለ ይጣራል፤ ሀይማኖት ዞራም አላየች።

«አውቃለሁ» አለች። «ጣትሽን ግን አሳዪኝ።»

ናዝራዊት ጥቂት አሰበችና እጇን ዘረጋችላት።