መቶ ሠላሳ አምስት ኪሎና አንድ ሽማግሌ

እንጉዳይ ሸክም ታውቃለች። ኪርያት ማታሎን ውስጥ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ፣ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ከማሽን ሆድ እየጎተተች ስታወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እርጥብ አንሶላ ከደረቁ ሦስት እጥፍ ይከብዳል፤ እንደ ታመመ ሰው ይዝለፈለፋል፣ የሚያዝበት የለውም። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ማንም መጥቶ ትከሻዋን አላደነቀም፤ መብራት አላበራላትም፤ ባንዲራ ያለበት ማሊያም አላለበሳትም። እናም ልጇ ሊኖይ ከጦሩ በተሰናበተች ሰሞን "ኢማ፣ ብረት ማንሳት ጀምሬያለሁ" ብላ በዕብራይስጥ ስትነግራት፣ እንጉዳይ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ሳቀች።

"ማነው የሚያሸክምሽ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

"የት ታደርሺዋለሽ?"

"የትም። አንስቼ እመልሰዋለሁ።"

"ወደነበረበት?"

"ወደነበረበት።"

"ጉድ ነው!" አለች እንጉዳይ። "እኛ እንኳ ስንሸከም አንድ ቦታ እናደርሳለን።"

ሊኖይ የምትሠለጥንበት ቤት ከማጠቢያው ሁለት መንገድ አልፎ፣ ድሮ የመኪና ጎማ ይሸጥበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነበር። አሠልጣኙ ጋል የሚባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጸጉሩን የተላጨ ልጅ ነው፤ ሲናገር ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። እንጉዳይ አንድ ቀን በምሳ ሰዓቷ ልጇን ልታሳፍር ወደዚያ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ሊኖይ ብረቱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁጢጥ ስትል፣ ከዚያም ፊቷ ጠቁሮ፣ አፏን ገጥማ ስትነሳ አየች። ልትናገር ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ጠፋት። "ቀበቶሽን አላልተሽዋል" ብቻ ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ግን በየሳምንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳዋን የምትበላው በዚያ በር ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነው።

ሊኖይ የምትወዳደርበት ዓይነት ሰውነትን የሚደግፍ ጠንካራ ልብስ የማይፈቀድበት ነው። የወገብ ቀበቶና የጉልበት ሽፋን ይፈቀዳል፤ የቀረው ሥጋና አጥንት ነው። መጀመሪያ በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ መግፋት፣ በመጨረሻ ከመሬት ማንሳት። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ዕድል ይሰጣል። በአንዱ ሦስቱም ከከሸፉ ሌላው አይታይም፤ ዜሮ ተጽፎ ወደ ቤት ነው።

ይህን ሁሉ የሰፈሩ ሰው በዚያን ጊዜ አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም። የሚያውቀው ሐሜቱን ነበር። በሰፈሩ ማትናስ፣ ማለትም ሽማግሌዎች ቀን ቀን በሚሰበሰቡበት አዳራሽ፣ የፊተኛው ወንበር የአባ ሽሙኤል ነው። አባ ሽሙኤል ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ማንም ባይጠይቃቸውም ይፈርዳሉ። ስለ ሊኖይም ፈረዱ። "ሴት ልጅ በአደባባይ ቁጢጥ? ይቺ ልጅ ሥርዓት አጥታለች" አሉ። ጎረቤቷ ስንዱም ደረጃ ላይ ባገኘቻት ቁጥር ታዝንላት ነበር። "እንጉዳይዬ፣ እኔ ለአንቺ ብዬ ነው። ይሄን ትከሻ ማን ያገባዋል?"

እንጉዳይ ሌላውን ሁሉ ትውጠው ነበር፤ ሥርዓት አጥታለች መባሉን ግን አልዋጠችውም። ያስተማረቻት እሷ ናት። ሽማግሌ ሲገባ ተነሺ፤ ሲሰጥሽ በሁለት እጅ ተቀበዪ፤ ሲያናግርሽ ዓይንሽ ጫማው ላይ ይሁን። ጎንደር ሳሉ አባቷ በእሷ ላይ እንዳደረጉት፣ እሷም ለሊኖይ አንዳንዴ በቃል፣ አንዳንዴ በጆሮ ቁንጥጫ አስገብታላታለች። ልጅቱ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ በቁምጣ ትወጣለች፤ በሩን በእግሯ ትዘጋለች። ሽማግሌ ፊት ስትቆም ግን ዓይኗ መሬት ይወርዳል። አባ ሽሙኤልን ራሳቸውን አንድም ቀን ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም። እንጉዳይ በዚህ ዓለም የምትኮራበት ነገር ቢቆጠር ይሄ አንዱ ነው፤ ሁለተኛውን ለማግኘት ብዙ ማሰብ ያስፈልጋታል።

ከዚያ ሊኖይ ኒቭሄሬት ለሚሉት ብሔራዊ ቡድን ተመረጠች። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሰፈሩ ምላስ ተገለበጠ። ሥርዓት ያጣችው ልጅ "የኛ ልጅ" ሆነች። ስንዱ "እኔ እኮ ድሮም ትከሻዋን ሳይ..." ማለት ጀመረች። አባ ሽሙኤል በማትናሱ ትልቁ ስክሪን ላይ ውድድሩ እንዲታይ አዘዙ። ማትናሱን የምታስተባብረው ሻኒም፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ትሁት ልጅ፣ እሺ ብላ ሽቦውን ስትጎትት ዋለች።

ቡድኑ የሚወዳደርበት ሻምፒዮና ሊትዌኒያ ነበር። ሰባት ተወዳዳሪ ሄደ፤ የሚሸኛቸውና የሚመራቸው ደግሞ ስድስት። የልዑካን ቡድኑ መሪ በየጠዋቱ የቁርሱን ቪዲዮ ይልክ ነበር፦ እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ የራሱን ፈገግታ። ተወዳዳሪ አንድም ጊዜ በቪዲዮው ውስጥ አልታየም። እንጉዳይ ቪዲዮውን አይታ "ይሄኛው በስንት ኪሎ ነው የሚወዳደረው?" ብላ ጠየቀች።

የማትናሱ ሰው ቡድኑን በሦስት ቀን ተከታትሎ ሊቅ ሆነ። ከሃይፋ የሄደው ግዙፍ ሰውዬ አምስተኛ ሲወጣ እንዴት አንደኛ ሊሆን ይችል እንደነበር አሥራ ሁለት ሰው አብራራ። አባ ሽሙኤል ቁጢጥ ሲባል ዳሌ ከጉልበት በታች መውረድ እንዳለበት በከዘራቸው ስክሪኑን እየነኩ ያስተምራሉ። እሳቸው ራሳቸው ከወንበር ለመነሳት የሁለት ሰው እርዳታ መፈለግ ከጀመሩ ቆይተዋል።

ሊኖይ ከመወዳደሯ በፊት በነበረው ቀን ደወለች። "ኢማ፣ ማምጣት ያለብኝ ውጤት ብቻ ነው። ስንተኛም ልውጣ ግድ የላቸውም። ዜሮ ካገኘሁ ግን ከኒቭሄሬት ያወጡኛል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ አዘጋጅተዋል።"

"በስንት ትጀምሪያለሽ?"

"በመቶ ሠላሳ አምስት።"

"እሱንማ ማክሰኞ ማክሰኞ ታነሺው የለ?"

"አነሳዋለሁ" አለች ሊኖይ፤ ድምፅዋ ግን ቀጠነ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እንጉዳይ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ማትናሱ ገባች። ወንበር ሞልቷል። የልጅቱ እናት መቀመጫ አጥታ መቆም ነበረባት፤ ማንም ልብ አላለም። እሷም በግድግዳው ተደግፋ፣ እጇን አጣጥፋ፣ የሰውን ማጅራት እያየች ቆመች።

ስክሪኑ ላይ ሊኖይ ወጣች። ሰማያዊ ቱታ፣ ጥቁር ቀበቶ። ከፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ዋናው ዳኛ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ በረዶ የመሰለ፣ ክራቫት ያሰረ ሽማግሌ። በግራና በቀኝ ሌሎች ሁለት ዳኞች አሉ፤ በድምፁና በእጁ ምልክት የሚሰጠው ግን እሱ ነው። ከተነሳች በኋላ እሱ ካልፈቀደ ብረቱን ወደ ማስቀመጫው መመለስ አትችልም። ሊኖይ ወረደች፣ ተነሳች። የውድድሩ አዳራሽ ጮኸ፣ ሙዚቃው ጮኸ። ትንሽ ቆይታ ብረቱን መለሰችው። ሦስት ቀይ መብራት በራ፤ አልተቆጠረላትም።

"ምነው? ተነሳች እኮ!" አለች ስንዱ።

"አልወረደችም" አሉ አባ ሽሙኤል። "እኔ አይቻለሁ። ዳሌዋ ቀርቷል።"

ሻኒ የውድድሩ ዘጋቢዎች የሚናገሩትን እንግሊዝኛ አዳመጠች። "የለም አባ፣ ወርዳለች። ዳኛው ሳይፈቅድላት ነው የመለሰችው ይላሉ።"

"ቸኩላ ነዋ! የዛሬ ልጅ መቼ ይጠብቃል?"

ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች። ያው መቶ ሠላሳ አምስት። ወረደች፤ ተነሳች። በዚህ ጊዜ ጠበቀች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በስክሪኑ ይታያል፣ እየቆጠረች ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መለሰችው። ሽማግሌው እጁን ገና ሊያነሳ ነበር። እንደገና ሦስት ቀይ።

ማትናሱ ውስጥ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ሁለት ሰዎች ተነስተው ቁልፋቸውን ፈለጉ። የኛ ልጅ መሆኗ አብቅቶ ነበር። "ተናግሬ ነበር" አሉ አንዲት አሮጊት፤ ምን እንደተናገሩ ግን የሚያስታውስ አልነበረም።

ስክሪኑ ላይ ያው ትዕይንት ቀስ ብሎ ተደገመ። ሰው ሁሉ ጉልበቷን አየ። እንጉዳይ ዓይኗን አየች። ልጅቱ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጩኸቱ የሽማግሌውን ድምፅ ውጦታል፤ ሊታይ የሚችለው እጁ ብቻ ነው። የሊኖይ ዓይን ግን ወለሉ ላይ ነው። ወለሉ ላይ፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ አለ።

እዚህ አገር በነበሩት ውድድሮች አዳራሹ ትንሽ ነው፣ የዳኛው ድምፅ ይሰማል። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ጋል ነው የሚያዘው፤ የጋልን ድምፅ ለማምለጥ ጎረቤት ከተማ ጊቫት ሽሙኤል ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ሊኖይ ምልክት ለማየት ቀና ማለት አስፈልጓት አያውቅም። ሽማግሌ ፊት ቆማ ደግሞ ቀና ማለት አይሆንላትም፤ እንዳይሆንላት ያደረገችው እናቷ ናት።

"ጫማውን ነው የምታየው" አለች እንጉዳይ።

"የምን ጫማ?" አለች ስንዱ።

እንጉዳይ ስልኳን አወጣች። ወጥታ ለመደወል ወደ በሩ አየች፤ መሃሉ በወንበርና በጉልበት ተዘግቷል። ሊኖይ ዳግመኛ እስክትጠራ የሚያነሱት አሥራ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ለእያንዳንዷ አንድ ደቂቃ ቢሰጥ እንኳ ጊዜው ጥቂት ነው። የምትለውን እዚሁ፣ በነዚህ ሰዎች ጆሮ ማለት አለባት። የምትኮራበትን አንድ ነገር በራሷ አፍ ማፍረስ አለባት። ደወለች። አልተነሳም። ደገመች። በሦስተኛው፣ አብሯት ሄዶ ስልኳን የያዘላት ጋል አነሳው።

"ግብረቲ፣ አሁን አይቻልም!" አለ በዕብራይስጥ፤ እመቤቴ ማለቱ ነው።

"ስጣት። እናቷ ነኝ። አሁን ስጣት።"

ጥቂት ጩኸት፤ ከዚያ የሚቆራረጥ ትንፋሽ። "ኢማ? አለቀልኝ ኢማ።"

"አላለቀም። ስሚኝ። ሽማግሌው ላይ አፍጥጪ።"

"ምን?"

"ዓይኑን እዪው። እጁን አንስቶ ወደ ኋላ እስኪመልስ ዓይንሽን አትንቀዪ። እንደ ባለጌ እዪው።"

"አንቺ ነሽ እኮ..." አለች ሊኖይ፣ በዚህ ጊዜ በአማርኛ።

"እኔ ነኝ። ያልኩሽም እኔ ነኝ፣ አሁን የምልሽም እኔ ነኝ። በሰደር? እሺ?"

"በሰደር።"

ስልኩን ስትዘጋ አባ ሽሙኤል በወንበራቸው ዞረው ነበር። "እንጉዳይ! ልጅ እንዲህ ይመከራል? ሽማግሌ ላይ አፍጥጪ ይባላል?"

"ይባላል አባ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እርስዎስ ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ልጅ ዳሌ በከዘራ ሲለኩ አልነበር?"

አንዱ ከኋላ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አባ ሽሙኤል ከዘራቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

ሊኖይ ተጠራች። ከብረቱ ሥር ገባች፣ አነሳችው፣ ወደ ኋላ ሁለት ርምጃ ሄደች። ከዚያ አገጯ ወደ ላይ ወጣ። ዓይኗ ከጥቁሩ ጫማ ተነስቶ በሱሪው፣ በክራቫቱ አልፎ ፊቱ ላይ ደረሰ፤ እዚያም ቆመ። እንጉዳይ የራሷ ጆሮ ሲሞቅ ተሰማት፤ የሞቱት አባቷ አጠገቧ የቆሙ መሰላት። ሊኖይ ወረደች። ተነሳች። የውድድሩ አዳራሽ ጮኸ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም፣ አልቆጠረችም። አፈጠጠች። ሽማግሌው እጁን ለማንሳት የፈጀበት ጊዜ አንድ ሙሉ ማሽን አንሶላ ያስጨርስ ነበር። እጁ ተነሳ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሊኖይ ብረቱን አስቀመጠች።

ሁለት ነጭ፣ አንድ ቀይ። ሁለት ነጭ ይበቃል።

እልልታው ግድግዳውን መታው። ስንዱ የማታውቀውን ሰው አቀፈች። ቁልፋቸውን የፈለጉት ሁለት ሰዎች ቁልፋቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። የልጅቱ እናት መቆሟን አሁን ገና ያዩ አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ወንበራቸውን ለቀቁላት። "የኛ ልጅ!" አሉ አባ ሽሙኤል፤ "አላልኳችሁም? ሥርዓት ያላት፣ ጨዋ..."

እንጉዳይ ቀና ብላ አየቻቸው። በሕይወቷ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ቆማ አታውቅም፤ አንገቷም ከብዷታል። ዓይኗን ግን አልነቀለችም። አባ ሽሙኤል ያሉትን አልጨረሱም። ዓይናቸው መጀመሪያ ወደ ስክሪኑ፣ ከዚያ ወደ ከዘራቸው ሄደ፤ በመጨረሻ ወለሉ ላይ፣ የማጠቢያው ነጭ ዱቄት የደረቀበት የእንጉዳይ ጫማ ላይ አረፈ።

"ተቀመጡ" አለች እንጉዳይ ለሰዉ ሁሉ፣ ከተለቀቁት ወንበሮች አንዱን ሳትነካ። "ገና ሁለት ዓይነት ቀርቷታል።"

ተቀመጡ።