የሽልማቱ ብር

ስለ ጎንደሩ ጉዞ ወጪ በተነጋገርን ቁጥር ባለቤቴ መጀመሪያ የሚሰርዘው እኔ ለዘፋኝ የምሰጠውን ሽልማት ነበር። ከአዲስ አበባ የሙዚቃ ቡድን ጎንደር ሊመጣ መሆኑን ከአንድ የሎሪ ሹፌር የሰማነው የሰሊጥ አጨዳው ሊያልቅ ሲል ነው። በሬዲዮ ብቻ የማውቃት ዘፋኝም አብራ ትመጣለች ተባለ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ ስላለ ዝግጅቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሆነ።

"የሎሪ፣ የመግቢያ፣ የምግብ" እያለ ባለቤቴ በጣቱ ይቆጥራል። አልጋ አያስፈልግም፤ አክስቱ ቤት እናድራለን። ምግቡንም "ቆሎ ቁይልን" ብሎ ቀነሰው። ሽልማቱ ላይ ሲደርስ ግን ይቆጣል።

"ሰው ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ምን የሚሉት ወጪ ነው? ደሞዝተኛ አይደለችም ወይ?"

እኔም በዚህ አልለቅለትም። በእኛ በቆላው ሰርግ ላይ አዝማሪ የሚሸልሙት ወንዶቹ ናቸው፤ እኛ እልል እንላለን። አንድ ቀን እንኳ በገዛ እጄ መሸለም አማረኝ። ስለዚህ ኮኪት አጠገብ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ሰሊጥ አጨድኩና ሁለት አዳዲስ ብር በመሀረቤ ጫፍ ቋጠርኩ።

የቀረውን የያዘው እሱ ነው፤ ማሽላ ለሱዳን ነጋዴ ሸጦ የተቀበለውን የሱዳኑን ገንዘብ፣ ጊኔ። መተማ ላይ ብርም ሆነ ጊኔ ማንም ልዩነት አያደርግም፤ ስኳሩም ሎሪውም በሁለቱም ነው። ያን ሁሉ ስናሰላ፣ ጎንደር ላይ ጊኔ እንደማይሠራ አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ጎንደር ደርሰን አዳራሹ በር ላይ ቲኬት ሻጩ ገንዘቡን ሲያይ ደነገጠ። "ወንድሜ፣ ቶሎ ክተተው። ሰው ካየብህ ትታሰራለህ።"

ባለቤቴ ዞሮ መሀረቤን አየ። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት፤ ሁለቱ ብሮች የሁለታችን መግቢያ ሆኑ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ እንባዬ መጣ፤ ንዴት ነው።

ዘፋኟ ወጣች። ወንዱ እየተነሳ ይሸልማታል። ቁጭ ብዬ ማየት አላስቻለኝም።

"ጊኔውን አምጣ" አልኩት።

"አብደሻል? ካድሬዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው!"

እጄን ኪሱ ውስጥ ከትቼ አንዱን መዘዝኩና ተነሳሁ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ግንባሯ ላይ ለጠፍኩት። እጄ ላይ ሳለ ጊኔ መሆኑን አይታለች መሰለኝ፣ ወዲያው አንስታ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላም "ከየት ነሽ?" አለችኝ።

"ከመተማ።"

መተማን ዘፈኑ ውስጥ አስገብታ ስትጠራ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እልልታዬን አቀለጥኩት። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሎሪው ላይ፣ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ባለቤቴ እስከ አይከል አልተነፈሰም። ስለ ጊኔው ሊቆጣ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቻለሁ።

"ምነው ዝም አልክ?" አልኩት።

"ኪሴ ውስጥ ሌላም ጊኔ ነበር እኮ" አለ ወደ መንገዱ እያየ። "ና አብረን እንውጣ ብትይኝ ምን ነበረበት?"