መርዶ ነጋሪዎቹ

አባታችን ሰቆጣ ሲያርፍ፣ ስፔን ላለችው እህቴ መርዶውን በስልክ መንገር ፈራሁ፤ ብቻዋን ናት። ኡራጓያዊት ጎረቤቷ እንግሊዝኛ ስለምትችል ደወልኩላትና፣ «እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው» አልኳት።

በማግስቱ እህቴ በቪዲዮ ስትደውል ክው አልኩ። ከከተማው የተጠራሩ ኡራጓያውያን ቤቷን ሞልተው፣ አዛውንቱ ሳይቀሩ መሬት ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

እናቴ በድንጋጤ፣ «እነዚህ ደግሞ የማን ወገን ናቸው?» አለች።

ጥያቄዋን ለእህቴ ጎረቤት አደረስኩላት።

«የእኛም ወላጆች የሞቱት እዚህ ሳለን ነው» አለችኝ። «መርዶውን የሰማነው ግን ለየብቻችን ነው።»

ይህን ስተረጉምላት እናቴ ብድግ አለች። «እንግዲያ እኛም ለነሱ ወላጆች እናልቅስ!» ብላ ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ እንደ አዲስ አስለቀሰች። እኔም እንዲያዩት ስልኩን ወደ ለቀስተኛው አዞርኩት።