ሐጅ ዋጊህ እና የማይታየው የይለፍ ቃል

ሐጅ ዋጊህ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በግብፅዋ ከተማ በመንሱራ ገበያዎች እየዞሩ ሚዛን ይቆጣጠሩ ነበር። ሩዝ ሻጩ ከሚዛኑ ሥር ማግኔት ቢለጥፍ፣ ባለ ቅመሙ የመመዘኛውን ብረት ሆድ ቢቦረቡር፣ እሳቸው ገርመም አድርገው ብቻ ያውቁበታል። ጉቦ ነክተው አያውቁም። ንጹሕ ሰው ከስሼ አላውቅም ይላሉ፤ ገበያውም ያምናቸው ነበር። እሳቸው "አጭበርባሪ" ያሉት ነጋዴ ደንበኛ አያገኝም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ኮምፒውተር አማራቸው። ሱቆቹ ግን በገንዘብ የሚሸጠውን ፕሮግራም በድብቅ እየገለበጡ እንደሚጭኑ ሲሰሙ ዘገነናቸው። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የምትሸጠው ኢብቲሳም ነች መላ ያመጣችላቸው። ሱቋ ከዓሣ ተራው ጀርባ ባለው መተላለፊያ ውስጥ ነው።

"ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ሐጅ። የሠሩት ሰዎች ለፈለገ ሁሉ በነጻ ሰጥተውታል፤ ስርቆት የለበትም" አለቻቸው። "ግን እሱም መማር ይፈልጋል። ሲቸግርዎ ብቅ ይበሉ።"

"እማራለሁ" አሉና ላፕቶፑን በብብታቸው ሸጉጠው ሄዱ።

ብቅ ማለቱን ግን አልፈለጉትም። ሰው መጠየቅ ሞታቸው ነው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰቅለው ከኢንተርኔት ላይ ለጀማሪ የተጻፈውን ያነባሉ፤ ጥቁሩን መስኮት ይከፍቱና ያነበቡትን ትእዛዝ በአንድ ጣት ይለቅማሉ። ፋይሎቻቸውን የሚዘረዝረው ትእዛዝ የሠራላቸው ቀን ጠርተውን ሁላችንም አየንላቸው። በባለቤታቸው በሳኒያ ስም አንድ ማኅደር ፈጠሩ።

"ውስጡ ምን አለ?" አለች ሳኒያ።

"ባዶ ነው።"

"በእኔ ስም ያለው ሁሉ እንዲያ ነው" አለችና ለወጥ የሚሆነውን የሞሎኪያ ቅጠል መክተፏን ቀጠለች።

ከዚያ ቼዝ መጫወቻ ሊጭኑ ተነሡ። የሚያነቡት ገጽ እንዳለው ትእዛዙን ጻፉ። ማሽኑም ባለቤቱ እሳቸው መሆናቸውን ሊያረጋግጥ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ሐጅ መጻፍ ጀመሩ። ምንም አልታየም። ጠዋት ላፕቶፑን ሲከፍቱ ሌላው ቢቀር ነጠብጣብ ይደረደራል፤ እዚህ ግን ፊደልም ነጠብጣብም የለም። ቁልፎቹን ጠበቅ አድርገው መቱ። ያው ነው።

"ይህን ተንኮል አውቀዋለሁ" አሉ ለሳኒያ። "ለትንሽ ለትንሹ ልክ የሚመዝን ሚዛን፣ ዋናው ዕቃ ሲመጣ ይለግማል። ልጅቷ ቆልፋ ነው የሸጠችልኝ፤ እየተመላለስኩ እንድገብርላት።"

"የሃይሳም አባት፣ መጀመሪያ ጠይቃት እንጂ" አለች ሳኒያ፣ በልጃቸው ስም ጠርታ።

አልሰሟትም። ልክ በቀትር፣ መተላለፊያው በሰው ጢም ባለበት ሰዓት፣ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። የጎረቤት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለተማሪዎች የሚሆኑ ኮምፒውተሮች እየመረጠ ነበር።

"ይህን ነገር ለምን ቆለፍሽው?" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ኢብቲሳም ጠጋ ብላ ስክሪኑን አየች። "አልተቆለፈም፣ ሐጅ። የይለፍ ቃሉ ሲጻፍ አይታይም። ዝም ብለው ይጨርሱና ..."

"አይታይም!" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። "ባለ ፉሉም እንዲሁ ነበር የሚለኝ። ጉድለቱ አይታይም፣ ሐጅ!" ሰው ሳቀ። ልታሳያቸው እጇን ስትዘረጋ ላፕቶፑን ክድን አደረጉት። "ገንዘቤን አልፈልግም። ሕዝቡ ማንነትሽን ይወቅ፤ ይበቃኛል።"

ዳይሬክተሩ የያዘውን ኮምፒውተር ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወጣ።

በማግሥቱ ሐጅ የቀረውን ሊያነቡ ያንን ገጽ እንደገና ከፈቱ። ካቆሙበት መስመር ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ "የይለፍ ቃሉን ሲጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። አይደናገጡ፤ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ስንት ፊደል እንደሆነ እንኳ እንዳያውቅ ነው። ጽፈው ሲጨርሱ የማስገቢያውን ቁልፍ ይጫኑ።" ጻፉ፤ ተጫኑ። ማሽኑ መስመር በመስመር እየዘረገፈ ቼዙን ጫነላቸው። ሳኒያ እንደነገረችን አንገታቸው ድረስ ቀሉ፤ አንድም ጨዋታ ሳይጫወቱ ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ በመተላለፊያው ማለፍ ተዉና በወንዙ ዳር ይዞሩ ጀመር። ሻይ ቤት ሲቀመጡ ደግሞ ሩዝ ነጋዴው ቡርዒ፣ "የሐጅ ዓይን አላረጀም፤ ያቺን ልጅ አፈር አስጋጧት። ዳይሬክተሩ እንኳ ከሌላ ቦታ ነው የገዛው አሉ" አለ። ሐጅ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሻይ ፉት አሉበትና ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከስድቡ የባሰ እንደሆነ ያወቁት ደረጃውን ሲወጡ ነው። እኔ ደጃፌ ላይ ነበርኩ፤ ሰላም ስላቸው ቀና ብለው አላዩኝም።

ነገሩን ለሳኒያ ነገሯት። "ሌላ ሰው ቢሆን ቅጣት ትጽፍበት ነበር" አለቻቸው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ዓርብ ጠዋት፣ ሱቆች ገና ሳይከፈቱ፣ አንድ ሣጥን ባስቡሳ የሚባል ጣፋጭ ይዘው ኢብቲሳም ዘንድ ሄዱ። መዝጊያውን ገና ግማሽ ድረስ ነበር ያነሣችው።

"ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አውቃለሁ ልክ እንደሆነ።" ወዲያና ወዲህ አየች፤ ሰው የለም። "ሐጅ፣ ያኔ የመጡት በቀትር ነበር። ዛሬ ምነው በዚህ ሰዓት? ጣፋጩን ይውሰዱት።"

ሣጥኑን ይዘው ተመለሱ። ቅዳሜ በቀትር እዚያው በር ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተናገሩ፦ "ስሙኝ። ይህች ልጅ አላታለለችኝም። የሚያገለግለኝን ዕቃ ነው የሸጠችልኝ። አንድ መስመር ሳላነብ በመሃይምነቴ ስሟን አጠፋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ከኋላ ግን አንዱ፣ "ስንት ሰጥታዎት ነው፣ ሐጅ?" አለ።

በዕድሜያቸው ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የጠየቀውን ሰው ሊፈልጉ ዞር አሉ፤ ሁሉም ያንን የጠየቀ መሰላቸው። ኢብቲሳም ከውስጥ ወንበር አወጣችላቸው። አልተቀመጡም።

ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮቹን አንዴ ገዝቷልና ያ ሥራ ለኢብቲሳም አልተመለሰም። ሌሎች ደንበኞች ቀስ በቀስ መጡ። ሐጅ መማሩን አልተዉም፤ ሲያቅታቸው አሁን ወደ ሱቁ ይሄዳሉ። አንድ ቀን የተበላሸ ቻርጀር ይዤ ስሄድ ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከሰው ኋላ ተራ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ተራቸው ሲደርስ ኢብቲሳም፣ "ስክሪኑ ምን ይላል? ድምፅዎን ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ" አለቻቸው። አነበቡ። እኔን ሲያዩ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ፤ ግን አላቋረጡም።