ገመድ ይዘን የቆምንበት ጥምቀት

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ የሆቴሉ የዋና ገንዳ ክሎሪን አፍንጫዬን ሲሰነፍጠው ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ምን ታየሽ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው! ያ ሽታ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ ዋና የተማርኩበት ሽታ ነው። ጎንደር ተወልዳችሁ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ያደጋችሁ እኩዮቼ ግን ብነግራችሁ ይገባችኋል።

አባባ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጀርባ ስለነበር ከበሮና ጸናጽል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ለእኛ ለልጆች ዓመቱ የሚቆጠረው ከጥምቀት እስከ ጥምቀት ነበር። አዲስ ቀሚስ ያኔ፣ ሎሚ ያኔ፣ ሸንኮራ ያኔ! ጠዋት ውሃው ተባርኮ ጎረምሶቹ እየዘለሉ ሲገቡ፣ እኔ የጥምቀተ ባሕሩን ግንብ አንቀው የያዙት የዛፍ ሥሮች ላይ ተንጠልጥዬ አያለሁ። እልልታው ይቀልጣል፤ የተረገጠ ቄጠማና የእርጥብ ጋቢ ሽታ አየሩን ይሞላዋል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ታላቅ ወንድሜ ጌትነትም ዘለለ፣ ያውም ጋቢውን እንደተከናነበ። ጋቢን ታውቁታላችሁ፣ ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም። ጌትነት ገብቶ ቀረ። አባባ ከመዘምራኑ መሐል ሮጠው መጡና ዳሩ ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ማኅሌት ሲቆሙ በሚደገፉበት መቋሚያ ራስ አንገቱን ቆልፈው ጎትተው አወጡት። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ሰው ሁሉ «ጠበል ሰው አይበላም!» እያለ ሳመው። አባባም ቤት ስንገባ «አየሽ ልጄ፣ ጠበሉ ራሱ መለሰው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን ከዚያ በኋላ ጥምቀት እንደ ድሮው አልጣፈጠኝም፤ ጎረምሶቹ ሲዘሉ ዓይኔን እጨፍን ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ በትምህርት ቤት ተወዳድሬ ለአንድ ዓመት ሆላንድ ሄጄ እንድማር ዕድል ደረሰኝ። እማዬ ሽሮና በርበሬ ቋጥራ፣ አልቅሳ ሸኘችኝ። አባባ ግን «ከሰው አገር ክፉውን ትተሽ ሸጋ ሸጋውን ይዘሽ ነይ» ብለው መረቁኝ። ያረፍኩበት ቤት ማሪካ የምትባል በዓመት የምትበልጠኝ ልጅ ነበረች። አገሩ ሁሉ ውሃ ነው፤ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ዋና ይማራል። እኔ አልችል! ታዲያ ምን ይደረግ፣ ራሳቸው ከወገቤ ከማያልፍ ሕፃናት ጋር ቀላቀሉኝ። ሲስቁብኝ ከረሙ። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከነልብስ፣ ከነጫማ መዋኘት። «ውሃ ውስጥ የሚወድቅ ሰው ልብሱን አውልቆ አይወድቅም» አለችኝ ማሪካ። ጌትነት ከነጋቢው ትዝ አለኝ።

ማሪካ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን የምታስተምረው በነፃ ነበር። «ማን ይከፍልሻል?» አልኳት። «ማንም።» «ታዲያ ምን ታገኚያለሽ?» ስላት ጥያቄው ራሱ አልገባትም። አንድ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ደግሞ ስለ ጥምቀታችን ስነግረው አፉን ከፍቶ ሰማኝና፣ «ገመዱን የሚወረውረው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እነሱ ዘንድ ገንዳው ዳር የሚወረወር ገመድ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ይቆማላ! ያን ቀን ማታ ገመዱ እንዴት እንደሚወረወር አሳዪኝ ብዬ ማሪካን ያዝኳት።

ስመለስ ዘመድ ሁሉ ሽቶና ጫማ ሲጠብቅ እኔ ሁለት ፊሽካ ይዤ መጣሁ። አንገረብ ወንዝ ሲንቦጫረቁ ያደጉ አራት የሰፈር ልጆችንና ጓደኛዬን ሰብለን ሰበሰብኩ። ወንዶቹ «ደግሞ ሴት ዋና ልታስተምረን ነው?» ብለው አላገጡ፤ የወንዙን ጥልቅ ኩሬ ከነቀሚሴ ሁለት ጊዜ ተሻግሬ ባሳያቸው አፋቸውን ያዙ። ከአንድ የአይሱዙ ሾፌር የጭነት ገመድ ለምነን ጫፉ ላይ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አሰርን። ግቢያችን ውስጥ ውርወራ ስንለማመድ ዶሮዎቹን አሸበርናቸው። አንዷ እንቁላል መጣል ተወች ብላ እማዬ እስከ ዛሬ ትከሰኛለች።

ከባዱ አባባ ነበሩ። ዳሩ ላይ የሚቆሙት ካህናትና መዘምራን ብቻ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ቃል ማንም አያስጠጋንም። «ምነው ልጄ! ጠበል ላይ ዘበኛ? ገመድ ይዞ መቆም እኮ እግዜርን አላምንህም ማለት ነው» አሉ። ሦስት ቀን ለመንኳቸው፤ ወይ ፍንክች! በአራተኛው ቀን ድፍረቴን ሰብስቤ፣ «አባባ፣ ጌትነትን ያወጣው ጠበሉ ነው መቋሚያዎ?» አልኳቸው። እማዬ ከጓዳ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!» ስትል ሰማሁ።

አባባ ያን መቋሚያ ከጥግ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ያን ቀን ክንዴ አንድ ስንዝር ቢያጥር ልጄን ቀብሬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥምቀት በመጣ ቁጥር የገባ የወጣውን ስቆጥር ነው የምውለው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኔማ ለይቶልኝ አለቀስኩ። በኋላ ፈገግ አሉና «እንግዲህ መቋሚያውም የቤተ ክርስቲያን ነው። ገመድሽም ይባረክና የቤተ ክርስቲያን ይሁን» ብለው ፈቀዱ። ቄሱ ገመዱንም ጀሪካኑንም ጠበል ረጩልን። ጀሪካን ሲባረክ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

በዓሉ ደረሰ። ጎረምሶቹ ዘለሉ፣ ወጡ፣ ደግመው ዘለሉ። በመሐሉ ከኮላ ድባ ለበዓል የመጣ አንድ ጎልማሳ፣ ስሙን በኋላ ስሰማ አያ ደምሌ ይባላል፣ ከነአዲስ ጋቢው ገባ። ብቅ አለ፣ ጠለቀ። ጀሪካኑን ወረወርኩ፣ ሳትኩት። ደግሜ ወረወርኩ፣ አጠገቡ አረፈ። ሰውየው ግን በሁለት እጁ የያዘው ጋቢውን ነው! «አያ፣ ጋቢውን ልቀቀው!» ብለን ጮህን። ራሱን ብቅ አድርጎ «ሚስቴ የፈተለችው ነው!» አለና ተመልሶ ሰጠመ። ማሪካ «ሌላ መላ ሲጠፋ ካልሆነ ራስሽ እንዳትገቢ» ብላኝ ነበር። መላው ጠፋ። ከነጥልፍ ቀሚሴ ዘለልኩ። ቀሚሱ እግሬን ተበተበው፣ እኔ ግን በዚህ ተፈትኜ አልፌያለሁ። ጀሪካኑን ብብቱ ሥር ወሸቅሁለት፣ ሰብለ ፊሽካዋን ነፋች፣ ልጆቹም እኔን፣ ሰውየውንና ጋቢውን አንድ ላይ ጎትተው አወጡን። አያ ደምሌ ውሃውን ተፍቶ ሲያበቃ የመጀመሪያ ቃሉ «ጋቢዬ አለ?» የሚል ነበር። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

እኔ አልሳቅሁም። አባባ ሰዉን እየሰነጠቁ ሲመጡ አየኋቸው። የመሪጌታ ልጅ፣ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተለጥፎ፣ አገር ምድሩ እያየ! አለቀልኝ አልኩ። አባባ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው እስከ አፍንጫዬ ጠቀለሉኝና፣ በዚያ በማኅሌት ድምፃቸው «እንዴት ያለች ልጅ ወለድኩ!» አሉ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የማውቅ አይመስለኝም።

ዛሬ ዳሩ ላይ የሚቆሙት ልጆች ደማቅ ሰደሪያ ለብሰው፣ እውነተኛ ተንሳፋፊ ቀለበት ይዘው ነው። ከፀዳም ከአዘዞም መጥተው ይመዘገባሉ። እኔንማ «እትዬ፣ አንቺ ጥላ ሥር ተቀመጪ» ይሉኛል፣ እግዜር ይይላቸው! አባባ አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው ስላልታዘዘላቸው በዓሉን ቤት ሆነው ነው የሚውሉት። በልጅነቴ ከጥምቀት ሲገባ ቤታችን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ታቦቱ በሰላም ገባ?» ዛሬም ይጠይቃሉ። «በሰላም ገባ» እላቸዋለሁ። ማዕዱ ቀርቦ፣ ሁሉም እጁን ታጥቦ እያለ፣ እሳቸው ግን እጃቸውን አይሰዱም። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ሁሉም ወጡ?» ይሉኛል።

«ሁሉም ወጥተዋል፣ አባባ።»

ይኼኔ ነው የሚቆርሱት።